«ትንሽ ነገር ነው፤ ቁጥሩን አትንኪው»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ እንዲህ ይላል። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ አማካሪ ቢሮ የምሠራ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከተመረቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤዝመንት ያለው ጂ+6 ሕንፃ እንከታተላለን። ፕላኑ ጸድቋል፤ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ማህተም አለ። ባለቤቱ ግን ሳምንት ሳይሞላ አንድ ነገር ያስለውጣል። በሩ በሌላ በኩል ይከፈት፣ የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ 20 ሳንቲም ይገፋ፣ መስኮቱ ትንሽ ይስፋ። አለቃዬ ‹ትንሽ ነገር ነው፤ ፋይሉ ላይ አስተካክለሽ ላኪላቸው፤ የሪቪዥን (የእርማት) ቁጥሩን አትንኪው› ይለኛል። እኔም እንደዛው ሳደርግ ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ላይ የቧንቧ ሻፍቱን (ቧንቧዎቹ ከፎቅ ወደ ፎቅ የሚያልፉበትን ቀዳዳ) 40 ሳንቲም ገፋነው። አስተካክዬ በሳይቱ ቴሌግራም ግሩፕ ላክሁ። ፎርማኑ አይቶታል፤ ላይክም አድርጓል። ሶሌታው ከተሞላ በኋላ ስናይ ግን ቀዳዳው አሮጌው ቦታ ላይ ነው። አሁን ‹በድሪል በስተን እንጨርሰው› እያሉ ነው። ስብሰባ ላይ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ለእያንዳንዷ ጥቃቅን ለውጥ ወደ ፈቃድ ቢሮ ልንመለስ ነው? ካልሆነ መስመሩ የት ጋ ነው? — ግራ የገባት፣ ከአያት»

ግራ የገባሽ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ድሪሉን አስቁሚ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። የስትራክቸር ዲዛይነሩ አይቶ በጽሑፍ «እዚህ ጋ ብሱ» ሳይል ማንም ሶሌታውን እንዳይነካው። ሶሌታው ጠፍጣፋ ይሁን ባለ ሪብ አልነገርሽኝም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ በብሎኬት የሚሠራው ባለ ሪብ ሶሌታ ብዙ ነው። ሪቦቹ፣ በብሎኬቶቹ መሃል የሚያልፉት ቀጫጭን የኮንክሪት ተሸካሚዎች፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመሃል እስከ መሃል 40 ሳንቲም ገደማ ናቸው። እንግዲህ 40 ሳንቲም ገፋነው ስትዪ ምናልባት አንድ ሪብ ተሻገራችሁ ማለት ነው። ያንን ሪብ መብሳት በውስጡ ያለውን ዋና ፌሮ መቁረጥ ነው። ጠፍጣፋ ሆኖ ቀዳዳው ኮለን አጠገብ ከሆነም ነገሩ አይቀልም። ኮለኑ ሶሌታውን በስቶ እንዳይወጣ የሚይዘው ዙሪያው ያለው ኮንክሪት ነው። ስለዚህ ፌሮው የት የት እንዳለ በመፈለጊያ መሣሪያ ይታይ፣ ሶሌታው ላይ ይሰመር፣ ዲዛይነሩ ይምጣ። አሮጌው ቀዳዳ እንዴት እንደሚደፈንም እሱው ይንገራችሁ። አንዳንዴ መልሱ «ሶሌታውን ተዉት፣ ቧንቧውን እጠፉት» ይሆናል። ከሁሉ ርካሹም እሱ ነው።

አሁን ወደ ደብዳቤሽ። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ወይ?» ብለሽ በቀጥታ አልጠየቅሽም። ግን ከላይ እስከ ታች የሚጠይቀው እሱኑ ነው። አዎ፣ ድርሻ አለሽ፤ እደርስበታለሁ። ትልቁ ድርሻ ግን የአለቃሽ ነው። «ቁጥሩን አትንኪው» ባለ ጊዜ ነው ሥራው የተበላሸው። አሁን ሳይቱ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። ቁጥራቸው አንድ፣ ቀናቸው አንድ፣ ልዩነታቸው 40 ሳንቲም። ፎርማኑ በየትኛው ቢሠራ ተሳሳተ ትይዋለሽ? ሁለቱም እናንተው የሰጣችሁት ነው።

እኔ ሥራ ስጀምር ድሮዊንግ የሚሠራው በቀለም፣ ትሬሲንግ ወረቀት ላይ ነበር። ስህተት ሲገኝ ድራፍትማኑ ምላጭ ያነሣና መስመሩን ቀስ አድርጎ ይፍቀዋል። በጥፍሩ ያለሰልሰዋል። ከዚያ ከላዩ አዲሱን ይስላል። ኮፒው በአሞኒያ ነበር የሚታተመው፤ ክፍሉ ሲገቡበት ዓይን ያስለቅሳል። አንድ ጊዜ የክፍያ ስብሰባ ላይ ተቋራጩ አንድ ወረቀት ዘረጋ፤ እኔም የኔን ዘረጋሁ። የሉህ ቁጥሩ አንድ፣ ፊርማው አንድ። የሱ ደረጃ 11 እርከን አለው፤ የኔ 12። ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። እኔ እንደውም ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወረቀቱን አጭበርብራችሁ ነው» እስከማለት ደርሻለሁ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ድራፍትማን ዋናውን ትሬሲንግ አምጥቶ መስኮቱ መስታወት ላይ ደገፈው። ብርሃን ሲያልፍበት ደረጃው ጋ ወረቀቱ ሳስቷል። የፋቅነው እኛው ነበርን። ምን ልበልሽ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ምላጭ ጠባሳ ይተዋል። ኮምፒውተር አይተውም። አንቺ መስመሩን ገፋ አድርገሽ ሴቭ ስትዪ ወረቀቱ ልክ ሲወለድ እንደዛው የነበረ ይመስላል። የሪቪዥን ቁጥር ማለት ያ ጠባሳ ነው። ሆን ብለን የምናስቀምጠው።

መስመሩ የት ጋ ነው ላልሽው፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎብሻል። አለቃሽም ላይ ሳይቀላቀል አልቀረም። ለውጥ መመዝገብ አንድ ነገር ነው፤ ለውጥ ማስፈቀድ ሌላ። ቁጥር የማይሰጠው ለውጥ የለም። ፊደል ማረም እንኳ ቢሆን ወረቀቱ አንዴ ከቢሮ ከወጣ ቁጥር አለው። ወደ ፈቃድ ቢሮ የሚያስኬድ ለውጥ ግን ጥቂት ነው። አለቃሽ «ቁጥር ከነካን ፈቃድ ቢሮ ልንሄድ ነው» ብሎ ፈርቶ ይሆናል። ቁጥሩ እኮ የፈቃድ ቢሮው አይደለም፤ የእናንተ ነው።

ማን ያጽድቀው ለሚለው፣ እኔ አንድ ጥያቄ አለችኝ። ይቺን መስመር አምኖ ሌላ ማን ሠርቷል? የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ ውሰጂ። 20 ሳንቲም ምን አላት? እስቲ እንይ። ግድግዳው ምናልባት ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) ላይ ነበር የቆመው፤ ሲገፋ ከቢሙ ወርዶ ሶሌታ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የስትራክቸር ሰውዬው መስመሯን አምኗል። የመጸዳጃው መውጫ ቧንቧ ከግድግዳው የሚርቀው በተወሰነ ልክ ነው፤ የሳኒተሪ ሰውዬውም አምኗታል። ሴራሚክ የለካው ሰው አምኗታል። ከወዲያ በኩል ያለው ክፍል ደግሞ 20 ሳንቲም ጠበበ፤ አልጋ ይገባል አይገባም? ያንን የሚያውቀው አርክቴክቱ ነው። አራት ሰው ማለት ነው። አራቱ «ይሁን» ካሉ በእናንተ ቢሮ ደረጃ ያልቃል። አንዱን ሳትጠይቂ ከላክሽ ግን ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን ስላልታየ ነው ትንሽ የመሰለሽ።

በር ይዙር ማለት ደግሞ ወረቀት ላይ ሩብ ክብ ገልብጦ መሳል ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። የመኝታ ቤት በር ከሆነ እውነትም ምንም አይደል፤ ማብሪያ ማጥፊያው ከበሩ ጀርባ እንዳይቀር ብቻ ኤሌክትሪኩን እዪ። የደረጃ ቤት ወይም የአዳራሽ በር ከሆነ ግን ሰው ወደሚሸሽበት አቅጣጫ ነው መከፈት ያለበት። ጭስ ሲሞላ የሚገፋፋ ሰው በር ወደ ራሱ ስቦ አይከፍትም።

ስለ ትንሽ ለውጥ ሲወራ መሐንዲሶች ሁሉ የሚያነሱት አንድ ታሪክ አለ፤ እኔም አልዘለውም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1981 አሜሪካ፣ ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የሃያት ሪጀንሲ ሆቴል የውስጥ መተላለፊያ ድልድዮች ሰው ላይ ወድቀው 114 ሰው ሞተ። ከ200 በላይ ቆሰለ። የአራተኛ ፎቁና የሁለተኛ ፎቁ ድልድይ አንዱ ከአንዱ በላይ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ ነበሩ። በመጀመሪያው ንድፍ አንድ ረጅም ዘንግ ከጣሪያ ወርዶ ሁለቱንም ይይዛል። እያንዳንዱ ድልድይ ዘንጉ ላይ በራሱ ዳዶ ይቀመጣል። ብረቱን የሚሠራው ድርጅት ያን ያህል ረጅም ዘንግ ጥርስ ማውጣት አስቸገረውና ዘንጉ ለሁለት እንዲከፈል ሆነ። አንዱ ከጣሪያ እስከ አራተኛ ፎቅ። ሌላው ከአራተኛ ፎቁ ድልድይ ቢም ተነሥቶ እስከ ሁለተኛ ፎቅ። ወረቀት ላይ የምትታየው ለውጥ አንዲት ተጨማሪ ቀዳዳና ዳዶ ናት። ግን በፊት የአራተኛ ፎቁ ዳዶ የሚሸከመው የራሱን ፎቅ ብቻ ነበር። አሁን የታችኛው ድልድይም እሱው ላይ ተንጠለጠለ። ጭነቱ እጥፍ ሆነ። መጀመሪያውኑም መገጣጠሚያው የከተማው ኮድ ከሚጠይቀው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር የሚችለው፤ ተለውጦ ደግሞ 30 ገደማ ወረደ። ሾፕ ድሮዊንጉ (ብረት ሠሪው ድርጅት ያወጣው የሥራ ንድፍ) ላይ የመሐንዲሱ ማህተም ነበረበት። ስሌቱን ግን መልሶ የሠራው ሰው አልነበረም።

ሻፍትሽን ከዚያ ጋር ላወዳድር አይደለም። ግን ያቺ ጥያቄ ተጠይቃ ብትሆን፣ «ይቺን ዘንግ አምኖ ማን ሠርቷል?» ቢባል፣ መልሱ ዳዶዋ ነበረች።

ፈቃድ ቢሮውን ባጭሩ ልንገርሽ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃ ምድብ ሐ፣ ማለትም ከሦስቱ ምድቦች የመጨረሻው፣ ብሎት ነበር። የእናንተም ከፍታ ከዚያ ይበልጣል። የተፈቀደላችሁ ያንን ፕላን እንድትሠሩ ነው እንጂ የሚመስለውን አይደለም። የሕንፃው ከፍታ፣ ስፋት፣ አገልግሎት፣ ከወሰን ያለው ርቀት፣ ደረጃና መውጫ፣ መኪና ማቆሚያ፣ ተሸካሚው አካል፤ ከነዚህ አንዱ ከተነካ ሳትሠሩ በፊት ሄዳችሁ አስፈቅዱ። መስኮት ይስፋ ያሉት ወደ ጎረቤት ወሰን የሚያይ ከሆነ እሱም ያስኬዳል። የመኝታ ቤት በርና ሴራሚክ አያስኬድም። የሚያጠራጥር ከሆነ ተቆጣጣሪውን በጽሑፍ ጠይቁትና መልሱን ፋይል አድርጉ። ማህተም ያለበትን ኮፒ ግን በእስክሪብቶ እንዳትነኩት። የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲጠየቅ መጥተው የሚያመሳክሩት እሱን ነው።

አሠራሩን ታውቂዋለሽ ብዬ ብዙ አልልም። የተለወጠው ቦታ ዙሪያ ክላውድ (ደመና የሚመስል ክብ መስመር)፣ አጠገቡ ቁጥሩ ያለበት ሦስት ማዕዘን፣ ታይትል ብሎኩ (የሉሁ መረጃ ሣጥን) ላይ አንድ መስመር። አዲስ ሪቪዥን ሲወጣ የድሮውን ክላውድ አጥፊ፣ ሦስት ማዕዘኑን ተዪ። አለበለዚያ በስድስተኛው ሪቪዥን ወረቀቱ የክረምት ሰማይ ይመስላል። መስመሩ ላይ ደግሞ «እንደአስፈላጊነቱ ተስተካክሏል» የሚል ነገር እንዳትጽፊ። ይሄ ምንም አለማለት ነው። «በአክሲስ 3 እና 4 መካከል ያለው ሻፍት ወደ ምሥራቅ 40 ሳንቲም ተገፍቷል፤ በባለቤት ጥያቄ» ብለሽ ጻፊ። ያቺ «በባለቤት ጥያቄ» የምትል ቃል የክፍያ ቀን ትፈለጋለች። እግረ መንገድሽን ያየሻትን ሌላ ስህተትም ዝም ብለሽ አታርሚ፤ እሷንም ክበቢያት። ያልተከበበ ቦታ አልተለወጠም ብሎ ነው ሰው የሚያምነው።

ለእያንዳንዷ ለውጥ ኤ1 ወረቀት ማተምም አያስፈልግሽም። ኤ4 ላይ ቁጥር ያለው ስኬች አውጪ። «ስኬች 14፣ ለዚህ ሉህ፣ በዚህ ቀን» ይበል። አስፈርመሽ ከዋናው ሉህ ጋር አያይዢው። አምስት ስድስት ሲጠራቀሙ በአንድ ሪቪዥን አስገቢያቸው። ፋይሎቹን ደግሞ በቁጥሩ ሰይሚ። «ፋይናል»፣ «ፋይናል አዲሱ»፣ «የመጨረሻ ፋይናል» የሚሉ ስሞች የሞሉበት ኮምፒውተር ሳይ ሆዴን ያመኛል።

ያንቺ ድርሻ ያልኩት እዚህ ጋ ነው። ልከሻል፤ ግን አሮጌውን አልሰበሰብሽም። አዲስ ወረቀት ማውጣት የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ አሮጌውን ከሰው እጅ መቀበል ነው። እሱ ደግሞ ከወንበር ሳይነሱ አይሆንም።

እስቲ ሳይት ሂጂና ፌራዮውን (የፌሮ ሠራተኛውን) «ከምንድነው የምትሠራው?» በይው። ድሮዊንግ አያሳይሽም። የተወለወለች የጣውላ ቁራጭ ያሳይሻል። እሷ ላይ በእርሳስ ቁጥር ሰፍሯል፤ ባለ 12፣ ይህን ያህል ርዝመት፣ ይህን ያህል ፍሬ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከፎርማኑ ገልብጦ ነው። ያቺ ጣውላ ናት የሱ ድሮዊንግ። አንቺ ቴሌግራም ላይ የላክሽው እሷ ላይ አልደረሰም። አናጢውን ደግሞ የቀዳዳውን ሳጥን ፎርምወርኩ (የኮንክሪቱ ቅርጽ ማውጫ ጣውላ) ላይ መቼ እንደመታው ጠይቂው። መልእክትሽ የደረሰው ሳጥኑ ከተመታ በኋላ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። የተመታ ሳጥን ደግሞ በላይክ አይነቀልም። ላይክ ማለት እኮ «አየሁት» ማለት ነው፤ እሱም ከሌላ አሥር ፎቶና ከ«እንኳን አደረሳችሁ» መሃል።

ስለዚህ ቴሌግራሙ ይቀጥል፤ ለማሳወቅ ጥሩ ነው። ፒዲኤፍ ላኪ እንጂ የሚነካካ ፋይል አትላኪ። ወረቀቱን ግን በእጅሽ ይዘሽ ውረጂ። አሮጌውን ተቀበዪ። በቀይ «ተሽሯል» ብለሽ ጻፊበት፤ አንድ ኮፒ ለቢሮ አስቀሪና ሌላውን ቅደጂ። የፌሮ መቁረጫ ዝርዝሩ ከተለወጠ እሱንም ስጪ፤ ጣውላዋንም አስፍቂ። የተቀበለሽ ሰው ይፈርም። ፎርማን ኪስ ውስጥ በአራት የታጠፈች፣ ጠርዟ የተበላች ወረቀት አትጠፋም፤ እሷንም ጠይቂ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። አንድ ጊዜ ከለመዱሽ ራሳቸው «አሮጌውን እንኪ» ይሉሻል።

ባለቤቱስ? ሳይት መጥቶ በጣቱ እያሳየ «ይሄን ወዲህ አድርጉት» የሚል ከሆነ፣ የዚያኑ ቀን የትዕዛዝ መዝገቡ ላይ ይጻፍ። የ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) ቀዩ ፊዲክ፣ ዓለም አቀፉ የግንባታ ውል፣ ለዚህ ጥሩ መላ አለው። መሐንዲሱ በቃል ካዘዘ ተቋራጩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ «እንዲህ ብለኸኛል» ብሎ በጽሑፍ ያረጋግጣል። መሐንዲሱ ደብዳቤው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ እንደ ጽሑፍ ትዕዛዝ ይቆጠራል። የእናንተ ውል ፊዲክ ባይሆንም ልማዱን ውሰዱት። ግን ባለቤቱ ለፎርማኑ በቀጥታ አይዘዝ። በእናንተ በኩል ይለፍ። ይህን ለባለቤቱ መንገር የአለቃሽ ሥራ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም።

ወደ አለቃሽ ስትገቢ ታዲያ የኔን ደብዳቤ ይዘሽ እንዳትገቢ። «አንተ ነህ ያልከኝ» ብለሽም አትጀምሪ። እሱ የሚፈራው ባለቤቱ «ሪቪዥን 5? ምን ያህል ብትሳሳቱ ነው!» እንዳይለው ይመስለኛል። ስለዚህ እንዲህ በይው፦ «ለውጡን የጠየቁት እሳቸው መሆናቸውን የሚያሳየው ቁጥሩ ነው። ቁጥር ከሌለው የተሳሳትነው እኛ እንሆናለን፤ ሻፍቱ ላይ እንደሆነው።» ምሳሌው ጠረጴዛው ላይ ስላለ ብዙ መከራከር አይኖርብሽም። እምቢ ካለ በኤክሴል የራስሽን መዝገብ ያዢ። የሉህ ቁጥር፣ ምን ተለወጠ፣ ማን ጠየቀ፣ ማን አየው፣ ለማን መቼ ተሰጠ። ሳይቱ ላይ እስካሁን የሾለኩትንም ከትዝታሽና ከቴሌግራሙ ለቅመሽ አስገቢ። ሕንፃው ሲያልቅ አስ ቢልት (በእርግጥ የተሠራውን የሚያሳይ ድሮዊንግ) የሚሠራው ሰው ይመርቅሻል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አንቺው ነሽ።

ከደብዳቤሽ ጋር የላክሽልኝን የሉህ ፎቶ አይቼዋለሁ። ታይትል ብሎኩ ላይ ቀኑ 04/06/16 ይላል። በኛ የካቲት 4 ቀን 2016 ነው? ወይስ በፈረንጅ ሰኔ 4 ቀን 2016? ከጎኑ ያለው የስትራክቸር ሉህ ደግሞ 2024 ይላል። የወሩን ስም በፊደል ጻፉት፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ጨምሩበት። ያንንም ስታስተካክዪ ቁጥር ስጪው።